በነፃ የሚገኘው የመኪና ሶፍትዌር ስንት ያስወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በአንድ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ዙሪያ አዳዲስ የፎርድ ፒክአፖች በረድፍ በረድፍ ቆመው ነበር። ሞተራቸው ተገጥሟል፣ ጎማቸው ተነፍቷል፣ ቀለማቸው ያብረቀርቃል። ገዢም አላጡም። የጎደላቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቺፕ ነው።

የእጥረቱ መነሻ አንድ አልነበረም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ቴክሳስን የመታው ብርድ በኦስቲን ከተማ የሚገኙትን የኤንኤክስፒንና የኢንፊኒዮንን ፋብሪካዎች ሥራ አስቆመ። በማርች ወር ደግሞ በጃፓን ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ በእሳት ተጎዳ። ሦስቱም ለመኪና የሚሆን ማይክሮኮንትሮለር በማምረት ከዓለም ግንባር ቀደም የሆኑ ኩባንያዎች ናቸው። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው ግምት የቺፕ እጥረቱ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ የዓለምን የመኪና ኢንዱስትሪ የ7.7 ሚሊዮን መኪና ምርትና የ210 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ያሳጣዋል ብሎ ነበር።

ነጋዴ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ከአንዱ መደብር የጠፋውን ዕቃ ከሌላው መደብር ለምን አልገዙትም?

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በቺፑ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር የሚሰፋው በቺፑ ልክ ነው። የኢንፊኒዮንን ቺፕ አውጥቶ የኤንኤክስፒን ለመተካት የፈለገ ፋብሪካ ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ይኖርበታል። ይህ ሥራ በሙያው ቋንቋ ፖርት ማድረግ ይባላል። ፖርት ማድረግ የሚችል ባለሙያ በቤቱ ያለው ኩባንያ ገበያ ሲጠፋ ሌላ ገበያ ይሄዳል። የሌለው ግን ወረፋ ይጠብቃል።

ቴስላ በ2021 ለሁለተኛው ሩብ ዓመት ለባለአክሲዮኖቹ ባቀረበው ሪፖርት፣ በእጥረቱ ምክንያት የሃርድዌርና የሶፍትዌር መሐንዲሶቹ 19 አዳዲስ የመቆጣጠሪያ ዓይነቶችን በመንደፍና በመፈተን ላይ መሆናቸውን አስታውቋል። ኩባንያው በ2020 ወደ 500,000 የሚጠጉ መኪኖችን ለገዢ ያስረከበ ሲሆን፣ በችግሩ ዓመት በ2021 ከ930,000 በላይ አስረክቧል። ለዕድገቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ሆኖም ቺፕ የመቀየር ችሎታው አንዱ ነበር።

የቺፑ ተራ አስከባሪ

በአንድ ዘመናዊ መኪና ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ይገኛሉ። አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ ፍሬኑን፣ አንዱ ኤርባጉን፣ ሌላው መስታወት የሚያወጣና የሚያወርደውን ሞተር ይቆጣጠራል። በእያንዳንዱ ውስጥ ብዙ ሥራዎች በአንድ ቺፕ ላይ ይሻማሉ። የቱ ሥራ መጀመሪያ እንደሚገባና የቱ ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወስን ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ይህ ሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነው። በታክሲ ማዞሪያ ያለውን ተራ አስከባሪ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ለመገመት አይቸገርም። ልዩነቱ ይህኛው ተራ አስከባሪ አምቡላንስ ሲመጣ ሁሉንም አስቁሞ ማሳለፍ አለበት።

ሪል ታይም ሲባል ፈጣን ማለት ብቻ አይደለም። በተባለው ሰዓት መድረስ ማለት ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ10 ሚሊ ሴኮንድ ነው። አንዷን ዲግሪ የሚያልፈው በ28 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ነው። ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት በትክክለኛዋ ዲግሪ ላይ በመሆኑ፣ ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ ትእዛዝ እንደ ስህተት ይቆጠራል።

ነፃዎቹ እነማን ናቸው?

ይህን መሰል ሶፍትዌር ለረጅም ጊዜ የሚሸጡት ኩባንያዎች ነበሩ። የጀርመን መኪና ሠሪዎችና አቅራቢዎቻቸው በ1993 ኦሴክ የተባለውን የጋራ ደረጃ ለማውጣት ተሰባሰቡ። በ2003 ደግሞ አውቶሳር ተመሠረተ። ዓላማቸው አንድ ነበር። አንዴ የተጻፈ ሶፍትዌር ቺፕ በተቀየረ ቁጥር እንዳይጣል ማድረግ።

በሌላ በኩል ሶርስ ኮዳቸውን ለማንም ክፍት ያደረጉ መጡ። ሪቻርድ ባሪ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ የጀመረው ፍሪአርቶስ ከሁሉም ይታወቃል። በ2017 አማዞን ኃላፊነቱን ተረክቦ ኤምአይቲ በተባለው ልል የፈቃድ ውል አወጣው። በጣሊያን ፒሳ የተሠራው ኤሪካ በ2012 የኦሴክን የምስክር ወረቀት አገኘ። ትሬድኤክስ ደግሞ በ1997 ለሽያጭ የወጣ የግል ምርት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2019 ባለቤቱን ኩባንያ ገዛው፣ በ2023 መጨረሻም ሶፍትዌሩ ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ተሰጥቶ ክፍት እንደሚሆን ተገለጸ። ትናንት በፈቃድ ክፍያ ይሸጥ የነበረ ዕቃ ዛሬ ያለ ዋጋ ይገኛል ማለት ነው።

ሥራው የት ላይ ነው?

የፍሪአርቶስ ዋና አስኳል በሲ ቋንቋ የተጻፉ ሦስት ፋይሎች ብቻ ነው። እነዚህ ለየትኛውም ቺፕ ሳይነኩ ያገለግላሉ። ፖርት የሚባለው ከሥራቸው ያለችው ቀጭን ንጣፍ ናት። ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት፣ ከውጭ የመጣውን ጥሪ የምትቀበለውም እሷ ናት። ከሁሉ በላይ አንዱን ሥራ አስቁማ ሌላውን የምታስገባው እሷ ናት። ብዛቷ ጥቂት ገጽ ቢሆንም ከፊሏ የሚጻፈው በቺፑ በራሱ ቋንቋ፣ በአሴምብሊ ነው።

ሁለት ቺፖችን ማነጻጸር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የኤንኤክስፒ ኤስ32ኬ ቺፖች የተሠሩት ኮርቴክስ ኤም በተባለው የአርም ንድፍ ነው። በዚህ ንድፍ አንድ ሥራ ሲቋረጥ ቺፑ ራሱ ስምንት ሬጂስተሮችን በሥራው የግል ቁልል ላይ ያስቀምጣል። የቀሩትን ፖርት አድራጊው ያስቀምጣል። አሠራሩ የተለመደ፣ ምሳሌውም ብዙ ነው።

የኢንፊኒዮን ትራይኮር ግን ሌላ ዓለም ነው። የተቋረጠውን ሥራ ሁኔታ በቁልል ላይ አያስቀምጥም። እያንዳንዳቸው 64 ባይት በሚይዙ፣ እንደ ሰንሰለት በተያያዙ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ያኖረዋል። አንድ ሥራ አብቅቶ ሲሰረዝ ይዟቸው የነበሩት ሣጥኖች ወደ ነፃዎቹ ሰንሰለት መመለስ አለባቸው። ከአርም የለመደ ባለሙያ ይህን ቢዘነጋ መኪናው ወዲያው አይቆምም። በጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ሥራዎች በተሰረዙ ቁጥር ግን ሣጥኖቹ እየተመናመኑ ሄደው አንድ ቀን ያልቃሉ። ያን ጊዜ ቺፑ ይቆማል። እንዲህ ያለው ስህተት ተደብቆ ቆይቶ መንገድ ላይ ስለሚወጣ ባለሙያዎች ከሁሉም አብልጠው የሚፈሩት ነው።

ደረሰኙ ሲመጣ

እስከዚህ ድረስ ያለውን ጎበዝ መሐንዲስ በሳምንታት ሊጨርሰው ይችላል። ወጪው የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይኤስኦ 26262 የተባለው የደኅንነት ደረጃ የመኪናን ኤሌክትሮኒክስ ከኤ እስከ ዲ በአራት እርከን ይመድባል። እንደ ፍሬንና መሪ ያሉት ብዙውን ጊዜ በጥብቁ እርከን በዲ ይመደባሉ። እዚያ ለመግባት ሶፍትዌሩ መሥራቱ ብቻ አይበቃም። ለምን እንደተጻፈ፣ በምን እንደተፈተነ፣ በየትኛው ኮምፓይለር እንደተዘጋጀ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ቺፑ ሲቀየር የለውጡ ውጤት ተመርምሮ የሚመለከተው ፈተና ሁሉ ይደገማል።

የኤምአይቲ ፈቃድ ደግሞ በግልጽ የሚለው አለ። ዕቃው እንዳለ ይሰጣል፣ ዋስትና ግን የለውም። በዚህ ሶፍትዌር የተሠራ ፍሬን ቢከሽፍ ሶርስ ኮዱን የጻፈው ሰው አይጠየቅም። ተጠያቂው መቆጣጠሪያውን ሠርቶ የሸጠው አቅራቢና መኪና ሠሪው ነው።

ገበያ የተፈጠረውም በዚህ ክፍተት ነው። ዊተንስታይን የተባለው ኩባንያ ሴፍአርቶስ የሚባል ምርት ይሸጣል። አሠራሩ የፍሪአርቶስን የሚመስል ሲሆን፣ ኮዱ ግን ለደኅንነት ሲባል እንደ አዲስ ተጽፎ እስከ እርከን ዲ የምስክር ወረቀት ያገኘ ነው። ገዢው በነፃው ይጀምራል፣ ምርቱን ይነድፋል፣ ይሞክራል። ወደ ሽያጭ ሲቃረብ የምስክር ወረቀት ያለውን በገንዘብ ይገዛል።

ቺፕ ሠሪዎቹም ሂሳባቸውን ያውቃሉ። ብዙዎቹ የነፃዎቹን ሶፍትዌሮች ፖርት ለቺፓቸው ራሳቸው አዘጋጅተው ያለ ክፍያ ያድላሉ። ጆንያውን በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ የሚያተርፈው ከእህሉ ነው። ተቀባዩ ግን ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። ፖርቱ የተሠራው ለዚያ ቺፕ ብቻ ነው። ከሱ ጋር የሚመጡት ሾፌር ሶፍትዌሮችም፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበትን ካን የተባለውን መስመር የሚያንቀሳቅሰውን ጨምሮ፣ የዚያው ቺፕ ናቸው። በጊዜ ያልታሰበበት ስጦታ የደንበኝነት ገመድ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ይደከማል?

ወጪው ይህን ያህል ከሆነ የሚሸጠውን መግዛት አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መቆጣጠሪያዎችን ለሚሸጥ አቅራቢ የፈቃድ ክፍያው መቅረቱ ራሱ ቁም ነገር ነው። ዋናው ጥቅም ግን የመደራደር አቅም ነው። ሶርስ ኮዱ በእጁ ያለ፣ በሁለት የተለያዩ ቺፖች ላይ ፖርት አድርጎ የፈተነ ኩባንያ ዋጋ ሲጠየቅ ሌላ መደብር እንዳለው ሻጩም ያውቃል። የሶፍትዌሩ ባለቤት ቢሸጥ፣ ቢከስር ወይም ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ የተሰጠው ፈቃድ ስለማይሻር በእጁ ያለው ሥሪት በእጁ ይቆያል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ነጋዴም ሩቅ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪው በርክቷል። በእነዚህ መኪኖች ባትሪውንም ሞተሩንም የሚመሩት እነዚሁ ማይክሮኮንትሮለሮች ናቸው። የተበላሸ የመኪና ኮምፒውተር ሲቀየር ሣጥኑ መመሳሰሉ አይበቃም። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ከመኪናው ጋር ካልተስማማ መለዋወጫው የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሶፍትዌሩን የሚጭንለት ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ከኪሳራ ይድናል።

በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብትም የሚጠይቀው ከዚህ አይርቅም። ኩባንያው በነፃ ሶፍትዌር እሠራለሁ ካለ ፖርቱ የማን ነው? በስንት ቺፕ ላይ ተፈትኗል? የምስክር ወረቀቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በጽሑፍ ካልቀረበ፣ ነፃ የተባለው ዕቃ ዋጋው ገና አልተነገረም።