ስለ ባክቴሪያዎች ዐይነት መብዛትና ስለ መለወጣቸው

ባክቴሪያ ማለት ያለ ማይክሮስኮፕ በዐይን የማይታይ እጅግ ረቂቅ ሕያው ፍጥረት ነው። አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ ስትኾን፥ የሚበዛውም ለኹለት እየተከፈለ ነው።

ብዙ ሰው ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚባለውን መኖሪያ መመልከት ይበቃል። በዚያ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ ብዙ ቤተ ሰብ ይኖራል። በየማድ ቤቱ የጤፍ ሊጥ ሲቦካ፥ ሊጡን የሚያኰመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። እርሾውም እነዚህን ፍጥረታት ካለፈው ቡኾ ወደሚመጣው ያስተላልፋል። እንዲህ ባለ ሕንፃ ግን የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ቢስል፥ ከአፉ የሚወጣው ባክቴሪያ አብረውት ለሚኖሩት ይተርፋል። እንጀራ የሚያቦካውም ሳንባ የሚያቈስለውም በአንድ ስም ባክቴሪያ ይባላሉ፤ ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከዘመን ርዝመትና ከመዋለድ ብዛት ነው። ባክቴሪያዎች በምድር ላይ መኖር ከጀመሩ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ኾኗል። አንዳንዱም ምግብና ሙቀት ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለኹለት ይከፈላል። ይህ ሳይቋረጥ ቢቀጥል፥ አንዱ በ10 ሰዓት 1,073,741,824 በኾነ ነበር፤ መምህሩ 1ን 30 ጊዜ በ2 እያባዛ ለተማሪዎቹ ሊያሳያቸው ይችላል።

ጸሓፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚስት፥ ባክቴሪያም ሲከፈል ከወላጁ የሚወርሰው የአካሉ ሥርዐት አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ይጐዳዋል ወይም አይጠቅመውም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለሚኖርበት ስፍራ ይስማማዋል። የተስማማው ይበዛል፥ ያልተስማማው ያልቃል። ደግሞም እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤቷ እንደምትዋስ፥ ብዙዎች ባክቴሪያዎች ከዚህ ሥርዐት ከፍለው እርስ በርሳቸው ይሰጣጣሉ።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ራሱ እንኳ በነገድ የተከፈለ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በታተመ ጥናት፥ ሰባተኛ የተባለው ነገድ በወሎ በወልድያ አካባቢ ካሉ ሕመምተኞች እንደ ተገኘ ተገልጧል።

ለዚህ በሽታ የተለመደው መድኃኒት የሚወሰደው 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች 4 ዐይነት ይሰጣል። ስለ ምን 4 ኾነ ቢሉ፥ ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል አንዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ፥ ከአንዱ ያመለጠው በሌላው እንዲሞት ነው። ሕመምተኛው ሳሉ ጋብ ሲልለት «ድኛለሁ» ብሎ ቢተው ግን፥ ደካሞቹ ሞተው ብርቱዎቹ ሊቀሩና ሊዋለዱ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ያው መድኃኒት ላይረዳው ይችላል፤ ለልጆቹና ለጎረቤቶቹም የሚያወርሳቸው ይህንኑ ብርቱውን ነው።

ስለዚህ «ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው» ማለት ስሕተት ነው፤ የለመደው ባክቴሪያው ነው እንጂ ሰውነቱ አይደለም።

እንግዲህ መምህራን የክፍሉን መስኮት ማስከፈትና 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስለውን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፥ ሽማግሎችም መድኃኒት የጀመረውን ሰው እስኪፈጽም ድረስ መምከር ይገባቸዋል።