ካርቦንና አሉሚኒየም ለምን አይስማሙም?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያበርረው ቦይንግ 787 አይሮፕላን፥ የክብደቱ እኩሌታ የሚሆነው በካርቦን ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ቀላልና ብርቱ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋራ ግን አይስማማም። ይኸውም ካርቦን ኤሌክትሪክን ስለሚያሳልፍ፥ ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ አሉሚኒየሙም ቀስ በቀስ ይበላል። ጉዳቱ በመጋጠሚያው ውስጥ ስለሚደበቅ ቶሎ አይታይም፤ የመንገደኛው ሕይወት ግን በዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የብርጭቆ ክር ንጣፍ ያስገባሉ፤ ወይም በአሉሚኒየም ፈንታ ቲታኒየም ያደርጋሉ። ቲታኒየም ዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን ከካርቦን ጋራ ቢነካካ አይበላም። እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ለማጋጠም ብርታታቸውን መለካት ብቻ አይበቃም፤ ጠባያቸውንም መመርመር ያስፈልጋል።