የመሣሪያ ቁም ሣጥን በጎማ ላይ፦ ለልጆች ደኅንነት፣ ለአዋቂዎች ወገብ



በኢትዮጵያ ሳለን ወገናችን በእጅ ሥራው የታወቀ ነበር። በጎንደርና በአካባቢው ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር፤ ሽመናም ያውቁ ነበር። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ወናፉና ጉጠቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመኖሪያው ጎጆ ውጭ ነበሩ። ዛሬ በኢየሩሳሌም የምንኖረው በፎቅ ቤት ነው። በግንባታና በጥገና የሚሠራ አባት መጋዙን፣ መሮውን፣ የኤሌክትሪክ መብሻውን አልጋ ሥር ወይም ሚርፔሴት ላይ ያስቀምጣል። ሕፃኑም የሚድኸው እዚያው ነው።

መሣሪያው እንጀራችን ስለሆነ ከቤት ይውጣ አንልም። ቁልፍ ያለው፣ በጎማ የሚንቀሳቀስ አንድ ቁም ሣጥን ግን ችግሩን በብዙ ያቃልላል። ልጁ መክፈት አይችልም፤ አባትም ከባዱን ዕቃ በእጁ እየተሸከመ ወገቡን አይጎዳም።

መጠኑ ምን ያህል ይሁን?

ለፎቅ ቤት የሚስማማው ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 45፣ ከፍታው ከነጎማው 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ከዚህ ይልቅ ረጅምና ቀጭን ቢሆን በቀላሉ ይገለበጣል። ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ስፋት ለኩ። ሣጥኑ ከክፍል ወጥቶ መግባት ካልቻለ ጎማው ትርፍ ነው።

በነቢያት ጎዳና አጠገብ፣ በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ ለምትኖሩ ወይም ለምትሠሩ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እዚያ ካሉት የድንጋይ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው፤ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በአሮጌ ቤት መግቢያው ደረጃ ይኖረዋል፤ ንጣፉም እኩል ላይሆን ይችላል። ትንሽ ጎማ በድንጋዩ ስንጥቅ ይያዛል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የላስቲክ ጎማ ይሻላል። ደረጃ ሲያጋጥም ሣጥኑን ከነዕቃው አታንሱ፤ መጀመሪያ ባዶ አድርጉት።

አሠራሩ

1. ለጎንና ለጎን፣ ለላይና ለታች 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖልሳቶ ተጠቀሙ። የጣውላ መደብሩ በልካችሁ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁ፤ በቤት ውስጥ አቧራውም አደጋውም ይቀንሳል።

2. መጋጠሚያውን በእንጨት ኮላና በብሎን አጥብቁ። ብሎኑን ከማስገባታችሁ በፊት በቀጭኑ ብሱ፤ አለዚያ ጣውላው ይሰነጠቃል። የጀርባው ጣውላ በደንብ ከተያያዘ ሣጥኑ ሲገፋ አይወላገድም።

3. ለታችኛው ወለል ጣውላውን ድርብ አድርጉት፤ ጎማዎቹንም በሁለቱም ጣውላ አልፎ በሚወጣ ብሎንና በዳዶ እሰሩ። አጭር ብሎን ብቻ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ይነቀላል።

4. አራት ጎማ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ሁለቱ ፍሬን ይኑራቸው። ሣጥኑ ከነመሣሪያው 100 ኪሎ ቢመዝን ለአራት ሳይሆን ለሦስት አካፍሉ፤ እኩል ባልሆነ ወለል አንዱ ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይችላልና። ለእያንዳንዱ 33 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ 50 ኪሎ የሚችል ጎማ ግዙ።

5. ከላይ ሁለት አጫጭር መሳቢያዎች፣ ከታች ሰፊ ቦታ አድርጉ። ከፊት ሁሉንም የሚሸፍን ባለ ሁለት ክፋይ በር ግጠሙና በጓጉንቸር ቆልፉት። በሩ ሲዘጋ መሳቢያው ተንሸራቶ አይወጣም። መሳቢያዎቹ ከበሩ ማጠፊያ ጋር እንዳይጋጩ በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ።

6. ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የሕፃን ግንባር የሚደርሰው እዚያ ነው።

ስትቆርጡና ስታለሰልሱ መስኮት ክፈቱ፤ መነጽርና አቧራ የሚከላከል የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል።

ምን የት ይቀመጥ?

ከባዱ ሁሉ ከታች ይሁን፦ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ መብሻ፣ ትልቅ መዶሻ። መሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ሞረድ በመሳቢያው ውስጥ ስለታቸው ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ። ሁለቱን መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይወርድና ሣጥኑ ይገለበጣል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኬያ በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ሣጥኖችን ከገበያ የሰበሰበው በሕፃናት ላይ እየወደቁ ለሞት ምክንያት በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ሥራ ስትጨርሱ ፍሬኑን ያዙ፤ ሣጥኑንም ግድግዳ ላይ በተተከለ ቀለበት በሰንሰለት እሰሩት።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሶኬቱ ሳይነቀል አይቀመጥ። ባትሪውንም ከመሣሪያው አውጡ። ባትሪ የምትሞሉት ነቅታችሁ በምታዩበት ሰዓትና ከመውጫ በር ርቆ ይሁን። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ መሙላት ለእሳት አደጋ ይዳርጋል።

የቀለም ማቅጠኛና ሌላም ኬሚካል በራሱ ዕቃ ውስጥ ከነጽሑፉ ይቀመጥ። በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡት፤ ልጅ ጠርሙሱን አይቶ ይጠጣል።

ሣጥኑ የት ይቁም? በጋራ ደረጃው ላይ አይሁን፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ይዘጋል። ማማድ ባለበት ቤትም በሩንና መስኮቱን እንዳይከልል ተጠንቀቁ፤ ሳይረን ሲሰማ ዕቃ ለማንሳት ጊዜ የለም።

አደጋ ቢደርስ

ደም ሲፈስ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት። ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠውን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉና ከረጢቱን በበረዶ ላይ አስቀምጡ፤ ጣቱ ራሱ በረዶውን አይንካ። ልጅ ኬሚካል ከጠጣ አታስመልሱት፤ በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል ቀንም ሌሊትም ይመልሳል።

አንድ ነገር ለሽማግሌዎቻችን፦ የቴታኖስ ክትባት በልጅነቱ ያልወሰደ፣ ወይም መውሰዱን የማያስታውስ ሰው ብዙ ነው። በሽታው ቆዳ ከተወጋ በኋላ የሚገባ ሲሆን የሚመጣውም ከዝገት ሳይሆን በአፈርና በአቧራ ካለ ጀርም ነው። ቁስል እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የኩፓት ሖሊም ነርሷን ስለ ክትባታችሁ ጠይቁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ የልጅ ልጆች ሳይሰበሰቡ፣ አንድ አዋቂ ቤቱን ዞሮ ይይ። መሬት ላይ የቀረ ምስማር፣ ከሣጥኑ ውጭ ያደረ መሮ፣ ሶኬት ላይ የቀረ መሣሪያ አለ? ሁሉም ይግባ፣ በሩ ይቆለፍ። ቁልፉም በጓጉንቸሩ ላይ አይቅር፤ በአዋቂ ኪስ ይደር።

ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ሙያ ቢማሩ ደስታችን ነው። የሚማሩት ግን አባት ወይም አያት አጠገባቸው ቆሞ፣ ቁልፉን በገዛ እጁ ሲከፍትላቸው ይሁን።