ባለ ሁለት መሳቢያው የነፋስ መጥበሻ በወልቂጤና በቡታጅራ ማድ ቤት ምን ይሠራል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከውጭ አገር በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ውስጥ አንድ አዲስ የማድ ቤት ዕቃ መታየት ጀምሯል። መልኩ እንደ ትንሽ ኮሞዲኖ ነው፤ በፊት ለፊቱ ሁለት መሳቢያዎች አሉት፤ በላዩም ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ ተገጥሞበታል። ሻጮቹ «ኤር ፍራየር» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የነፋስ መጥበሻ እንለዋለን። መርካቶና የጉራጌ ነጋዴ የማይለያዩ ናቸውና፥ በመርካቶ የታየ ዕቃ ወልቂጤና ቡታጅራ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ስለዚህ ዕቃ የሚነገረው ብዙ ነው። ያለ ዘይት ይጠብሳል፥ ያለ ጭስ ያበስላል፥ ሁለት ምግብ ባንድ ጊዜ ያደርሳል ይባላል። ይህ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ በወር ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከቤት ኪራዩና ከልጆቹ ልብስ ቀንሶ ሊገዛው ይገባልን? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር፥ ቀጥሎም በእኛ ማድ ቤት የትኛውን ድስት እንደሚተካ መመርመር ያስፈልጋል። የማድ ቤት መሣሪያ ዋጋው የሚመዘነው ከምድጃ ላይ ባወረደው ድስት ነውና።

ነፋስ እንዴት ይጠብሳል?

ሙቀት በሦስት መንገድ እንደሚተላለፍ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ በመነካካት፥ በሚንቀሳቀስ አየር ወይም ፈሳሽ፥ እንዲሁም በጨረር። በምጣድ ላይ የተጋገረ ቂጣ ሙቀቱን የሚያገኘው ምጣዱን በመነካካት ነው። በጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ድንች ግን ዘይቱ ዙሪያውን ስለሚከበው ከየአቅጣጫው ባንድ ጊዜ ይበስላል። የነፋስ መጥበሻ የዘይቱን ቦታ ለጋለ አየር ሰጥቶታል።

በመሳቢያው አናት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግል ጥቅል ሽቦ አለ። ከሽቦው በላይ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው የጋለውን አየር በምግቡ ላይና በምግቡ ዙሪያ በኀይል ያሽከረክረዋል። ምግቡ የሚቀመጠው በቀዳዳማ ሰሌዳ ላይ ስለ ሆነ አየሩ ከሥሩም ይገባል፤ የሚንጠባጠበውም ስብ ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀቱ ከተፈለገው መጠን ሲያልፍ ተቈጣጣሪው ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲጎድል መልሶ ይከፍታል። መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል።

የነፋሱ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ነፋሻ ቀን ብርድ እንዴት እንደሚጠና ማስታወስ ይበቃል። በሰውነታችን ዙሪያ የሞቀ ስስ የአየር ንጣፍ አለ፤ ነፋስ ይህን ንጣፍ እየገፈፈ ስለሚወስደው ሙቀታችን ቶሎ ይሄዳል። በመጥበሻው ውስጥ ይኸው ነገር ተገልብጦ ይሆናል። በድንቹ ዙሪያ የቆመውን ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነፋሱ ይገፈዋል፤ በቦታው የጋለው ይተካል። የድንቹ ፊት ሲደርቅና ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ቡናማ መልክና የተጠበሰ ነገር ሽታ ይመጣል። ይህን ለውጥ አስቀድሞ የገለጸው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1912 ነበር።

እንግዲህ ዕቃው «መጥበሻ» ይባል እንጂ በነገሩ ትንሽና ብርቱ ነፋስ ያለው የዳቦ ምድጃ ነው። ሐሳቡም ፍጹም አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓመታት ዊሊያም ማክሰን የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፕላን ላይ የቀዘቀዘ ምግብ የሚያሞቅ ባለ ማራገቢያ ምድጃ ሠርቶ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው የነፋስ መጥበሻ ደግሞ በሆላንዳዊው ፍሬድ ፋን ደር ዋይ ሐሳብ ተጀምሮ፥ ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 በበርሊን ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳይቶታል። ባለ ሁለት መሳቢያው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ስለ ዘይቱ የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ድንች በድስት ሙሉ ዘይት ለመጥበስ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ዘይት የሚያስፈልግ ሲሆን፥ በዚህ ዕቃ ግን አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ጨርሶ ዘይት ካልተቀባ ግን ድንቹ ደርቆ እንደ ቆሎ ይሆናል። የዘይት ዋጋ ለሚያስጨንቀው ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጤናን በተመለከተ፥ ዘይት መቀነሱ መልካም ቢሆንም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች እንዳስታወቁት፥ ስታርች የበዛበት ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር ይፈጠርበታል። ይህም በዘይትም በነፋስም ሲጠበስ የሚሆን ነው። ስለዚህ ድንቹ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ እስኪጠቁር አይቆይ።

ሁለት መሳቢያ ለምን?

እያንዳንዱ መሳቢያ የራሱ ክፍል፥ የራሱ ሽቦና የራሱ ማራገቢያ አለው። አንዱን በ200 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ፥ ሌላውን በ180 ዲግሪ ለ12 ደቂቃ ማዘዝ ይቻላል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የማድረስ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም አጭር ጊዜ የሚፈልገው መሳቢያ 13 ደቂቃ ጠብቆ ይጀምርና ከሌላው ጋር እኩል ይጨርሳል።

ይህ በእኛ አገር ፈጣሪዎቹ ያላሰቡት ጥቅም አለው። በአንድ ቤት ጿሚና የማይጾም፥ ሕፃንና ሕመምተኛ አብረው ይኖራሉ። በአንዱ መሳቢያ ድንችና ካሮት፥ በሌላው የዶሮ ሥጋ ቢገባ ክፍሎቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ የሥጋው ስብ ወደ ጾሙ ምግብ አይሻገርም። በረመዳን ወራትም፥ የአፍጥር ሰዓት በደረሰ ጊዜ ሳምቡሳው በዘይት ተቀብቶ በ180 ዲግሪ በዐሥር ወይም በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ ያዘጋጀችውም እናት በሚፈላ ዘይት ፊት መቆም አያስፈልጋትም።

ነገር ግን ገዢ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፥ ባለ ሁለት መሳቢያ ማለት እጥፍ ኀይል ማለት አይደለም። በአንዳንዶቹ ላይ ሁለቱም ሲሠሩ ያው ኀይል ይካፈላልና መብሰያው ጊዜ ይረዝማል። ሁለተኛ፥ የሁለቱም መጠን ባንድነት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ሊትር ገደማ ነው። ምግቡ ደግሞ ተደራርቦ ከሞላ ነፋሱ መግቢያ አጥቶ ድንቹ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ስለዚህ ለአራት ሰው ይበቃል፤ ስምንት ሰው ለሚበላበት ገበታ ግን ሁለት ጊዜ መጥበስ ግድ ነው።

የከፍታው ነገር

ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፥ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሥጋ በድስት ለመብሰል ረዥም ጊዜ የሚወስዱበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እሳቱን ብንጨምርም ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም። የነፋስ መጥበሻ ግን በውሃ ስለማይሠራ ይህ ወሰን አይነካውም፤ 200 ዲግሪ ቢባል 200 ይደርሳል። በአንጻሩ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዕቃው ይዞት በመጣው መጽሐፍ የተጻፈው ደቂቃ በእኛ ከተሞች ጥቂት ቢጎድል የሚያስገርም አይደለም። የዶሮ ሥጋ እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ መለኪያ የሌለው ከአጥንቱ አጠገብ ቈርጦ ቀይ አለመሆኑን ይመልከት።

የሚሆነውና የማይሆነው

ድንች፥ ካሮት፥ ቃሪያ፥ ሳምቡሳ፥ የዶሮ እግር፥ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም ለማትርቀው ለቡታጅራ ደግሞ ዓሣ፥ ለዚህ ዕቃ የተፈጠሩ ያህል ናቸው። የትናንት ዳቦም በሦስት ደቂቃ እንደ ዛሬ ይሆናል።

ወጥ ግን አይሆንም፤ የመሳቢያው ሰሌዳ ቀዳዳማ ነውና። ሽሮም እንዲሁ። እንጀራ አይታሰብም፤ ውሃማ ሊጥ ሳይረጋ ነፋሱ ይበትነዋል። ቡና መቁላት የሚሞክር ሰው ቢኖር፥ ፍሬው ሳይማሰል ገሚሱ ጥሬ ገሚሱ ያረረ ይሆንበታል፤ ገለባውም ተነሥቶ የጋለውን ሽቦ ይነካል።

በጉራጌ ገበታ ላይ ያሉትን ዋና ዋናዎቹን እንመልከት። ክትፎ ቢበዛ ለብለብ የሚደረግ ነው፤ የሚጠይቀውም የሰላ ቢላዋና መልካም ቅቤ እንጂ ነፋስ አይደለም። ጎመን ክትፎና አይብ ሁለቱም ከእርጥበታቸው ጋር የሚወደዱ ናቸው። ቆጮ በኮባ ተሸፍኖ በምጣድ ላይ የሚጋገረው እርጥበቱ እንዳያመልጥ ነው፤ የነፋስ መጥበሻ ሥራው ደግሞ እርጥበትን ማስወጣት ነው። ኮባውን በመሳቢያው ውስጥ አስገባለሁ የሚል ሰው፥ የደረቀ ቅጠል በነፋሱ ተነሥቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ሊገናኝና ሊቀጣጠል እንደሚችል ይወቅ። እንግዲህ መስቀል ሲደርስና ዘመድ ከየአገሩ ሲሰበሰብ ይህ ዕቃ በጓዳ ተቀምጦ ያርፋል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ሽቦው

በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስንወርድ የምንሻገረው የግቤ ወንዝም ለአገራችን ብዙ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከግድቡ የመጣው ኀይል መጨረሻ ላይ የሚያልፈው በቤታችን ግድግዳ ላይ በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነው።

ባለ ሁለት መሳቢያው 2,400 ዋት የሚጠይቅ ከሆነ በ220 ቮልት 11 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚያው ሰዓት 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ከበራ ድምሩ ወደ 27 አምፔር ይደርሳል። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ደግሞ የጎረቤቱም ይጨመራል። ስልክና ራዲዮ የሚሰካበት ቀጭን ማከፋፈያ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ይግላል፥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፥ ከዚያም እሳት ይነሣል። ስለዚህ ዕቃው በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ መስመሩም ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይይልን።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ስጦታ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ሽቦው ከታሰበለት ኀይል ሦስት እጥፍ በላይ ይቀበልና ወዲያው ይቃጠላል። ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ስጦታውን መጣል ነው።

ማታ ብዙ ሰው ሲያበራ መብራቱ ሲደክም የምናየው ቮልቱ ወርዶ ነው። 220 የነበረው 180 ቢሆን፥ የጥቅል ሽቦው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ራቱም ይዘገያል።

ወጪውን ለማስላት ዋቱን ለ1,000 አካፍሎ በሰዓት ማባዛት ነው። 2,400 ዋት ለ25 ደቂቃ ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ተቈጣጣሪው እያቋረጠ ስለሚሠራ ከዚያም ያንሳል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት ከሚወስደው ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ታዲያ እንግዛው ወይስ እንተወው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። በአገራችንም አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። የእናቶቻችንን ዐይን የሚያስለቅሰው ጭስ የሚነሣው ግን ድንች ከሚጠበስበት ምድጃ አይደለም፤ እንጀራው፥ ቆጮው፥ ወጡ ከሚበስልበት ነው። የነፋስ መጥበሻ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም። ስለዚህ ጭስን ለማስወገድ ገንዘብ የሚያጠራቅም ቤተ ሰብ የመጀመሪያውን ብር ለሽቦው፥ ሁለተኛውን ለኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ሦስተኛውን ለወጡ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያውለው።

እነዚህ የተሟሉለት፥ ልጆቹ ድንችና ሳምቡሳ የሚወዱለት፥ በገበታው ጾምና ፍስክ የሚገናኙበት ቤት ግን ባለ ሁለት መሳቢያውን ቢገዛ አይጸጸትም። በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ባለ አንድ መሳቢያ ትንሹ ይበቃዋል፤ ከመግዛቱ በፊት ግን አከራዩን ስለ ቆጣሪው ያነጋግር።