የዘመድ ብድርና የጽሑፍ ውል

ነጋዴ ለወንድሙ ወይም ለአክስቱ ልጅ ሲያበድር ውል መጻፍን እንደ አለመተማመን ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን ተበዳሪው በድንገት ቢሞት ወራሾቹ ስለ ዕዳው ያልሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደ ደነገገው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሲቈጠር ያዩ ሽማግሌዎች ቢመሰክሩም አይበቃም።

በውሉ ላይ የገንዘቡ ልክ፣ የተሰጠበት ቀንና የመክፈያው ጊዜ ይገለጽ፤ ወለድ የታሰበ እንደ ሆነ በዓመት ከመቶ 12 ሳይበልጥ ይጻፍ፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ዕዳው ሲከፈልም ደረሰኝ ይሰጥ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ገንዘቡም ዝምድናውም ይጠበቃል።