ማን አጠፋው?

ስለ ሱዶ ብዙ አልልም። ኡቡንቱ ሊኑክስ ሲጫን ሁሉን የሚችለው የሩት አካውንት ተቆልፎ ይቀራል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ሰው አስተዳዳሪ ይሆንና፣ ሱዶ ሲል በራሱ የይለፍ ቃል የሩትን ሥልጣን ለአንድ ትእዛዝ ይዋሳል። ይኸው ነው። የፋይል ፈቃድም መነሻው ቀላል ነው፦ ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌሎች፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፤ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው ይደመራል። 640 የሆነን ፋይል ባለቤቱ ያነበዋል፣ ይጽፍበታል፤ ቡድኑ ያነበዋል፤ ሌላው አይከፍተውም።

ነገሩ የሚጥመው ፎልደር ላይ ሲደርስ ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሠራተኞቹ አንድ ኮምፒውተር በሚጋሩበት ቢሮ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ማንም እንዳይነካው 444 አድርጌው ነበር፤ ማን አጠፋው?» ብላ ከባልደረቦቿ ጋር ተኳርፋ አገኘኋት። እኔ የጠረጠርኩት ፎልደሩን ነው፤ 777 ነበር።

ብዙ ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው፦ ፋይል ማጥፋት የፋይሉን ፈቃድ አይጠይቅም። ለሊኑክስ ፎልደር የስሞች ዝርዝር ነው፤ ማጥፋት ደግሞ ከዝርዝሩ ስም መፋቅ። ዝርዝሩ ላይ መጻፍ የተፈቀደለት፣ ማለፊያም ያለው ሰው፣ ፋይሉ የሩት ቢሆን እንኳ ይፍቀዋል። የማጥፊያው ትእዛዝ አርኤም «ከመጻፍ የተጠበቀ ነው፤ ላጥፋው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይከለክልም።

ማለፊያ ያልኩት ያንኑ 1 ቁጥር ነው። ፋይልን ያስኬዳል፤ ፎልደር ላይ ግን የፋሲል ግቢ በር ነው። ለግቢው ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር የተበጁለት በከንቱ አይደለም፤ በሩ ያልተከፈተለት ሰው፣ እልፍኙ ወለል ብሎ ቢከፈትም ምን ይጠቅመዋል?

መድኃኒቱ ከሦስቱ ቁጥሮች ፊት የምትጨመር ሌላ አንዲት 1 ናት። በፈቃድ መቀየሪያው ትእዛዝ ሲኤችሞድ 1770 የተባለ ፎልደር ውስጥ ቡድኑ ሁሉ ይጽፋል፤ ፋይል የሚያጠፋው ግን የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ሩት ብቻ ነው። ሁሉም የሚጽፍበት የቴምፕ ፎልደር ሰላም ውሎ የሚያድረው በዚህችው 1 ነው።

«ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ባዩ ቁጥር 777 የሚሉ ወዳጆቼ ግን አሁንም አሉ፤ ያውም በሱዶ፣ ያውም እስከ ታችኛው ፎልደር ድረስ! የሲስተሙ ቅንብሮች ባሉበት በኢቲሲ ፎልደር ላይ ይህን የሞከረ ሰው የሱዶን ደንብ የያዘውን ፋይል ጭምር ለሁሉም ይከፍተዋል። ሱዶም ማንም የሚጽፍበትን ደንብ አላምንም ብሎ ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ መንገድ ማሽኑን በሪከቨሪ ሞድ አስነስቶ ፋይሉን ወደ 440 መመለስ ነው።