ግማሽ ጥቅስ ይዘን ወደ ጎረቤት ቤት አንሂድ

አሶሳ ውስጥ ከሙስሊም የበርታ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ቡና ስትጠጡ ስለ ኢሳ ወሬ መነሣቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ የምንመዘው አንድ ጥቅስ አለን፤ ቁርኣን በሱራ 4፥171 ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቃል፥ ከእርሱም የሆነ መንፈስ ይለዋል። «ይኸው ዮሐንስ 1፥1!» እንላለን።

እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ እንዲሁ አድርጌአለሁ። አንድ አዛውንት ሼክ በእርጋታ «ልጄ፥ ቀጥል እንጂ» አሉኝ። የምቀጥለው አልነበረኝም፤ ከዚያ በላይ አላነበብኩትም ነበር።

ያው ቁጥር «ሦስት» ማለትን ይከለክላል፤ ለአላህ ልጅ የለውም ይላል። ሙስሊም ሊቃውንትም «ቃል» የተባለው ያለ አባት «ሁን» በሚል ትእዛዝ ስለ ተፈጠረ ነው ብለው ያስረዳሉ፤ ሱራ 3፥59ን ያያይዙታል። በዮሐንስ ወንጌል ግን ሁሉ የተፈጠረው በቃሉ ነው። ስሙ አንድ፥ ትርጉሙ ሁለት!

ቁርኣንን በክርስትና ትምህርት መተርጎም ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቤጌምድሩ ሼክ ዘካርያስ ከቁርኣን እየጠቀሱ ስለ ክርስቶስ ለሙስሊሞች ሰብከዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በደብረ ታቦር ተጠምቀው ንዋየ ክርስቶስ ተባሉ። እሳቸው ግን ቁርኣንን ተምረው ያደጉ ሼክ ነበሩ፤ ከሊቃውንቱም ጋር ፊት ለፊት ተከራክረዋል። እኛ ከበራሪ ጽሑፍ ያገኘናትን አንዲት መስመር ይዘን ነው የምንከራከረው።

ዛሬ ጥቅሱን ሳነሣ ሙሉውን አነብባለሁ። ቀጥሎ እጠይቃለሁ፦ «አባቴ፥ እናንተ ዘንድ ‹ቃል› ሲባል ምን ማለት ነው?» መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ከሰማሁ በኋላ ዮሐንስን እከፍታለሁ።